«ሄዶ ነበር» ሁልጊዜ «ሃድ ጎን» አይደለም፦ የአንባቢያን የእንግሊዝኛ ሰዋስው ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከሰሜን ሸዋ የተላኩ ናቸው። ጠያቂዎቹ በሥራም ሆነ በዕድሜ የማይገናኙ ቢሆኑም የጥያቄያቸው ሥር አንድ ነው፤ «ሃድ» የተባለውን ረዳት ግስ ይዞ የሚመጣው የእንግሊዝኛ ፓስት ፐርፌክት ከኋላው «አት»፣ «ባይ»፣ «ፎር»፣ «ቱ» የመሳሰሉ መስተዋድዶች ሲከተሉት ምን ማለት እንደሚሆን ሁሉም ይጠይቃሉ። እኔም በደብረ ብርሃንና በአካባቢው እንግሊዝኛ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት ተማሪዎቼን ደጋግሞ ሲያስቸግር ያየሁት ጉዳይ በመሆኑ የዚህን ወር ዓምድ ሙሉውን ሰጥቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ሥራ ለሚለቁ ሠራተኞች የሥራ ልምድ ማስረጃ በእንግሊዝኛ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ከእኔ በፊት ከነበሩት ሰዎች የተረከብኩት ቅጽ «ሂ ሃድ ወርክድ ኢን አወር ኦፊስ ፍሮም 2008 ቱ 2014» ይላል። በቅርቡ የለቀቀ አንድ ወጣት ማስረጃውን ይዞ ለሌላ ሥራ ሲያመለክት፣ ቃለ መጠይቅ ያደረጉለት ሰዎች «ይህ ‹ሃድ› ምን ሊል ገባ?» እንዳሉት ተመልሶ ነገረኝ። በአማርኛ «ሠርቶ ነበር» የምንለው ይህንኑ አይደለምን?

መልስ፦ ቅጹን ይለውጡት። «ሂ ወርክድ ኢን አወር ኦፊስ ፍሮም 2008 ቱ 2014» ይበቃል፤ «ሃድ» እዚያ ቦታ ላይ ሥራ የላትም። እንግሊዝኛ የለመደ ሰው «ሃድ ወርክድ» የሚለውን ሲያነብ «ከምን በፊት?» ብሎ መልሱን ይጠብቃል። ፓስት ፐርፌክት ብቻውን የሚቆም የግስ ጊዜ አይደለምና ባለፈው ጊዜ ውስጥ አንድ የታወቀ መቆሚያ ይፈልጋል፤ ተናጋሪው በዚያ መቆሚያ ላይ ሆኖ ወደ ኋላ ሲመለከት ቀድሞ ያለቀውን ወይም እስከዚያ ድረስ የዘለቀውን ነገር ይነግረናል። መቆሚያው በዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሊጠቀስ ይችላል፤ ከፊቱ ባለው ዓረፍተ ነገር ተጠቅሶ ያለፈም ሊሆን ይችላል። ጨርሶ ከሌለ ግን አንባቢው ከደብዳቤው አንድ ገጽ የወደቀ ይመስለዋል።

ግራ የሚያጋባን የራሳችን ቋንቋ ነው። በአማርኛ «ትናንት መንዲዳ ሄጄ ነበር» ብሎ ማቆም ይቻላል። ሰሚው «ታዲያ ገበያው እንዴት ዋለ?» ይላል እንጂ «ከምን በፊት ነው የሄድከው?» አይልም። «ነበር» እዚህ ላይ የምትሠራው ነገሩ አልፎ የተዘጋ መሆኑን መንገር፣ ወይም ለሚቀጥለው ወሬ በር መክፈት ነው። «ልጠይቅህ መጥቼ ነበር፤ አጣሁህ» ስንል ደግሞ መምጣታችን ሳይሳካ መቅረቱን ትናገርልናለች። «እኔ ስደርስ እሷ ሄዳ ነበር» ስንል ብቻ በትክክል የእንግሊዝኛዋን «ሃድ» ሥራ ትሠራለች። ስለዚህ «ነበር» ባየን ቁጥር «ሃድ» የምንጽፍ ከሆነ ከሦስቱ በአንዱ ብቻ ነው የሚሳካልን። «የስተርደይ አይ ሃድ ጎን ቱ መንዲዳ» ያለ ተማሪ አማርኛውን በታማኝነት ተርጉሟል፤ እንግሊዝኛው ግን «የስተርደይ አይ ዌንት ቱ መንዲዳ» ነው።

ሁለተኛው አሳሳች ነገር ስያሜው ነው። በትምህርት ቤት «ሄዷል»ን የቅርብ ኃላፊ፣ «ሄዶ ነበር»ን የሩቅ ኃላፊ እያልን ስለተማርን፣ ብዙዎቻችን ፓስት ፐርፌክት ብዙ ዓመት ላለፈው ነገር የተመደበ ይመስለናል። ርቀት ግን ጉዳዩ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ እዚሁ ደብረ ብርሃን አጠገብ አንጎለላ የተወለዱት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1844 ነው፤ ዘመኑ የቱንም ያህል ቢርቅ እንግሊዝኛው «ምኒልክ ዋዝ ቦርን አት አንጎለላ ኢን 1844» ይላል እንጂ «ሃድ ቢን ቦርን» አይልም። በአንጻሩ ዛሬ ጠዋት ለተፈጸመ ነገር፣ ከእርሱ በኋላ የሆነ ሌላ ነገር መቆሚያ ካበጀለት፣ «ሃድ» በትክክል ትገባለች።

መቆሚያው ሲኖር መስተዋድዶቹ ምን እንደሚሠሩ ደግሞ ከዚሁ ከሸዋ ታሪክ በወሰድነው ምሳሌ እንመልከት። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋን የገዙት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1813 እስከ 1847 ነው። የእንግሊዝ መልእክተኞች አንኮበር የደረሱት በ1841 ነው። ይህንን በአንድ ዓረፍተ ነገር ለማለት «ዌን ዘ ብሪቲሽ ሚሽን ካም ቱ አንኮበር ኢን 1841፣ ሣህለ ሥላሴ ሃድ ቢን ኦን ዘ ትሮን ፎር ትዌንቲ ኤይት ይርስ» እንላለን። «ኢን 1841» መቆሚያውን ይተክላል፤ «ኦን ዘ ትሮን» ንጉሡ የነበሩበትን ሁኔታ ይናገራል፤ «ፎር ትዌንቲ ኤይት ይርስ» ከመቆሚያው ወደ ኋላ ያለውን ርዝመት ይለካል። አሁን «ሃድ ቢን»ን አውጥተው በቦታው «ዋዝ» ያግቡ። ዓረፍተ ነገሩ ንጉሡ በጠቅላላው ሃያ ስምንት ዓመት እንደ ነገሡ ወደ መናገር ያዘነብላል፤ ይህም ስህተት ነው፤ ምክንያቱም የነገሡት ሠላሳ አራት ዓመት ነው። አንዲት ረዳት ግስ የስድስት ዓመት ዘመነ መንግሥት ታስቀራለች ወይም ትቀጥላለች ማለት ነው፤ እኔ ይህን ጊዜ ለማስተማር ብዙ ሰዓት የምሰጠውም ለዚህ ነው።

ወደ ማስረጃዎ ስመለስ፣ «ሃድ»ን በትክክል የሚጠቀሙበት ቦታ አለ። ሠራተኛው በ2012 የንብረት ክፍል ኃላፊ ከመሆኑ በፊት ሦስት ዓመት በሒሳብ ክፍል ቆይቶ ከሆነ፣ «ቢፎር ሂ ቢኬም ስቶር ሄድ ኢን 2012፣ ሂ ሃድ ወርክድ ኢን ዘ ፋይናንስ ሴክሽን ፎር ስሪ ይርስ» ማለት ይችላሉ። ኃላፊነቱን ያገኘበት ጊዜ መቆሚያ ሆነ። ሠራተኛው እስከ ዛሬ ድረስ ያልለቀቀ ከሆነ ደግሞ መቆሚያው ዛሬ ስለሆነ «ሂ ሃዝ ወርክድ ኢን አወር ኦፊስ ሲንስ 2008» ይሆናል። ዓመተ ምሕረቱ የእኛ ይሁን የአውሮፓውያን በደብዳቤው ላይ ይግለጹ፤ የውጭ ሰው 2008ን በራሱ አቆጣጠር አንብቦ ሠራተኛውን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቀደም አድርጎ ሊያስቀጥረው ይችላል።

ጥያቄ፦ በደብረ ሲና የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። «ፐርፌክት የተባለ የግስ ጊዜ ከተወሰነ ሰዓት ጋር አይሄድም» እያልኩ አስተምራለሁ። አንድ ተማሪዬ «ማይ ፋዘር ዋዝ ሳድ ቢኮዝ ዘ ባስ ሃድ ሌፍት አት ሲክስ ኦክሎክ» ብሎ ጻፈና «አት ሲክስ ኦክሎክ» የሚለውን ሰረዝኩበት። ልጁ ግን አላመነኝም። ማናችን ነን ትክክል?

መልስ፦ ተማሪው ትክክል ነው። እርስዎ የጠቀሱት ደንብ «ሃዝ» ወይም «ሃቭ» ይዞ ለሚመጣው ለፕረዘንት ፐርፌክት ብቻ የሚያገለግል ነው። «ዘ ባስ ሃዝ ሌፍት አት ሲክስ ኦክሎክ» አይባልም፤ «ሃዝ» ዓይኑ ያለው አሁን ላይ ስለሆነ ያለፈውን ሰዓት ለይቶ መጥራት አይፈቅድም። «ሃድ» ግን ራሷ ባለፈው ጊዜ ውስጥ ስለምትኖር ሰዓቱን፣ ቀኑን፣ ዓመቱን አስከትላ ብትሄድ ምንም የሚከለክላት ነገር የለም።

ይህንኑ ስህተት እኔም በማስተማር ሥራዬ መጀመሪያ ላይ ሠርቻለሁ። የዚያ ተማሪዬ ደብተር ዛሬም በዓይኔ ላይ አለ፤ ሽፋኑ በጋዜጣ የተለበደ፣ ጠርዙ በሻሽ ክር የተሰፋ ነበር። «አት ሰቨን ኦክሎክ» የሚለውን በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ ሰርዤ፣ ከሥር ሦስት ጊዜ አርሞ እንዲጽፍ አዘዝኩት። ልጁም ትክክለኛውን ዓረፍተ ነገሩን አጉድሎ ሦስት ጊዜ ጻፈ። ስህተቴን ባወቅሁ ጊዜ እርሱ ትምህርቱን ጨርሶ ከከተማው ወጥቶ ነበር። እርስዎ ግን ልጁ ገና ከፊትዎ ተቀምጧልና ነገ ክፍል ውስጥ፣ በጓደኞቹ ፊት፣ ትክክል እንደ ነበረ ይንገሩት።

ከዚህ ይልቅ ለተማሪዎችዎ ቢያስተምሩት የሚጠቅመው የሰዓቱ ቦታ የሚያመጣው ለውጥ ነው። «ዘ ባስ ሃድ ሌፍት አት ሲክስ ኦክሎክ» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር አሥራ ሁለት ሰዓት፣ አውቶቡሱ የተነሣበት ሰዓት ነው። «አት ሲክስ ኦክሎክ ዘ ባስ ሃድ ሌፍት» ተብሎ ሰዓቱ ፊት ሲመጣ ግን ወደ ሌላ ትርጉም ያደላል፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን አውቶቡሱ አልነበረም፣ ምናልባት ሩብ ጉዳይ ላይ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። በአንደኛው ሰዓቱ ድርጊቱ የተፈጸመበት ነው፤ በሁለተኛው ተመልካቹ የቆመበት ነው። ጀርመን የተወለደው ፈላስፋ ሃንስ ራይሽንባህ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1947 ባሳተመው ሥራው የግስ ጊዜን በሦስት ነጥቦች የከፈለው ይህን የመሰለውን ነገር ለማስረዳት ነው፤ የምንናገርበት ጊዜ፣ ድርጊቱ የተፈጸመበት ጊዜ፣ ድርጊቱን የምናይበት ጊዜ፣ ማለትም መቆሚያ ያልነው ማያ። በፓስት ፐርፌክት ሦስቱም ይለያያሉ፤ መጀመሪያ ድርጊቱ፣ ቀጥሎ ማያው፣ መጨረሻ ላይ ንግግሩ ይመጣሉ። መስተዋድዱ የሚመራው ሐረግ ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በየትኛው ላይ እንደ ተንጠለጠለ ማወቅ ነው ሥራው።

ጥርጣሬ እንዳይኖር የሚፈልግ ጸሐፊ «አት»ን ትቶ «ባይ ሲክስ ኦክሎክ ዘ ባስ ሃድ ሌፍት» ይበል። «ባይ» የድርጊቱ ሰዓት ሊሆን አይችልም፤ ሁልጊዜ ማያውን ነው የሚተክለው። በአማርኛ ይህን ሥራ የምትሠራልን «ሲሆን» ናት፤ «አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን አውቶቡሱ ሄዶ ነበር» ያለ ሰው አውቶቡሱ በዚያች ደቂቃ ተነሣ ማለቱ አይደለም።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ውስጥ ባለ አንድ ፋብሪካ የምርት መጋዘን ኃላፊ ነኝ። ለውጭ ደንበኛችን «አንቲል ማንዴይ ዊ ሃድ ሎድድ ዘ ቦክስስ» ብዬ ጻፍኩ። እርሱ ግን «ሰኞ ላይ ለምን አቆማችሁ?» ብሎ መለሰልኝ። እኔ ያልኩት እስከ ሰኞ ጭነን ጨርሰናል ነው።

መልስ፦ «እስከ» ናት ያሳሳተችዎ። አማርኛው ለሁለት የተለያዩ ነገሮች አንድ ቃል አለው፤ እንግሊዝኛው ሁለት። «አንቲል» አንድ ነገር ሳይቋረጥ ዘልቆ በዚያ ሰዓት መቆሙን ወይም መለወጡን ይናገራል፤ «ባይ» ደግሞ ነገሩ ከዚያ ሰዓት ሳያልፍ መፈጸሙን። ደንበኛዎ ሣጥን ስትጭኑ ስትጭኑ ቆይታችሁ ሰኞ እንዳቆማችሁ ነው ያነበበው። መጻፍ የነበረብዎ «ባይ ማንዴይ ዊ ሃድ ሎድድ ዘ ቦክስስ» ነው። ከመጻፍዎ በፊት ሐሳብዎን በሌላ አማርኛ ይሞክሩት፤ «ስንጭን ቆየን» ካሉ «አንቲል»፣ «ከሰኞ ሳያልፍ ጨረስን» ካሉ «ባይ» ነው።

በአሉታ ሲመጣ ልዩነቱ ገንዘብ የሚያስከፍል ይሆናል። «ዊ ሃድ ኖት ሪሲቭድ ዘ ፔይመንት አንቲል ማንዴይ» ካሉ ክፍያው ሰኞ ደርሷል ማለት ነው። «ባይ ማንዴይ ዊ ሃድ ኖት ሪሲቭድ ዘ ፔይመንት» ካሉ ሰኞም መጥቶ ክፍያው የለም። አንዱ ምስጋና ነው፤ ሌላው ክስ ነው።

ጥያቄ፦ መሐል ሜዳ ነኝ፤ በመንዝ ወደሚገኘው ጓሳ የሚመጡ እንግዶችን እመራለሁ። የቀን ውሎዬን ስጽፍ «ዘ ጌስትስ ሃድ ጎን ቱ ጓሳ» አልኩ፤ ያነበበው ሰው እንግዶቹ ሌሊቱን እዚያ የቀሩ መስሎት ደነገጠ። እነርሱ እኮ ማታውን ተመልሰው እራታቸውን በልተው ተኝተዋል።

መልስ፦ የደነገጠው ሰው በትክክል አንብቧል። «ሃድ ጎን ቱ» ሄደው በዚያ ሰዓት ገና አልተመለሱም ማለት ነው። ደርሶ ለተመለሰ ሰው እንግሊዝኛ ከ«ጎ» ይልቅ የ«ቢ»ን ግስ ያመጣል፤ «ዘ ጌስትስ ሃድ ቢን ቱ ጓሳ» ይላል። ይህች «ቢን ቱ» ከቋንቋው ልዩ ነገሮች አንዷ ናት፤ «ቱ» የመድረሻ መስተዋድድ ሆና ሳለ ከመኖር ግስ ጋር የተጣመረችው በእነዚህ የፐርፌክት ጊዜያት ውስጥ ብቻ ነው። «ዘ ጌስትስ ወር ቱ ጓሳ» የሚል እንግሊዝኛ የለም። መመለሳቸውን ሳይሆን ቆይታቸውን ሊናገሩ ሲፈልጉ መስተዋድዱን ወደ «ኢን» ይለውጡ፤ «ባይ ሰንዴይ ዴይ ሃድ ቢን ኢን መንዝ ፎር ስሪ ዴይስ»፤ እሑድ ሲሆን መንዝ ከገቡ ሦስት ቀናቸው ነበር፣ ያን ጊዜም ገና እዚያው ነበሩ። «ሆም» እና «ዜር» ግን መስተዋድድ አይፈልጉምና «ሃድ ጎን ሆም» ይበሉ።

ለሥራዎ የሚጠቅም ሌላም ሐረግ ልጨምርልዎ። እንግዳዋ በሣሩ መካከል አይጥ ስታደን ያየቻት ቀይ ቀበሮ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ከሆነች፣ «ሺ ሃድ ኔቨር ሲን አን ኢትዮጵያን ዎልፍ ቢፎር ዛት ሞርኒንግ» ይላሉ። «ቢፎር ዛት ሞርኒንግ» መቆሚያውን ስለ ተከለ «ሃድ» ቦታዋን አግኝታለች። «ቀበሮ» የሚለው ስማችን ወደ «ፎክስ» እንዳይወስድዎ ይጠንቀቁ፤ በእንግሊዝኛ የዛሬ መጠሪያዋ ተኩላ የሚል ነው።

ጥያቄ፦ በሸዋ ሮቢት የጤና ባለሙያ ነኝ። የታካሚ ታሪክ የምንጽፈው በእንግሊዝኛ እንደሆነ ያውቃሉ። «ዘ ፔሸንት ሃድ ሃድ ፊቨር ፎር ስሪ ዴይስ» ብዬ ስጽፍ ባልደረቦቼ አንዷን «ሃድ» በስህተት የደገምኳት ይመስላቸዋል። አንዷን ልሰርዝ?

መልስ፦ አይሰርዙ፤ ሁለቱም ሥራ አላቸው። የመጀመሪያዋ ረዳት ግስ ናት፤ ሁለተኛዋ «ነበራት» የምትለው ዋናዋ ግስ ናት። አንደኛዋን ሰርዘው «ዘ ፔሸንት ሃድ ፊቨር ፎር ስሪ ዴይስ» ካሉ ሰዋስውዋ ትክክል ትሆናለች፤ ነገር ግን ታካሚዋ ወደ እናንተ ስትመጣ ትኩሳቱ ነበር ወይስ ሦስት ቀን ይዟት ለቋት ነበር የሚለውን አትመልስም። ከአልጋው አጠገብ ያልነበረና በሚቀጥለው ፈረቃ ካርዷን ብቻ የሚያነብ ሰው ሊያውቀው የሚገባው ደግሞ ይህንኑ ነው፤ በተለይ ወባ በሚጠረጠርበት ቆላ።

መቆሚያውን ይጻፉለት። «ኦን አድሚሽን ሺ ሃድ ሃድ ፊቨር ፎር ስሪ ዴይስ» ካሉ፣ ስትገባ ትኩሳቱ ሦስተኛ ቀኑን ይዞ ገና አለ ብሎ አንባቢው ይረዳዋል። «ኦን አድሚሽን ሺ ሃድ ፊቨር» ካሉ ስትገባ ትኩሳት ነበራት ማለት ብቻ ነው፤ የስንት ቀን እንደሆነ አይታወቅም። «ቢፎር አድሚሽን» የሚለውን ሐረግ ሲጠቀሙ ግን ቅደም ተከተሉን «ቢፎር» ራሷ ስለምትናገር «ሃድ»ን መድገም ግዴታ አይደለም፤ «ሺ ሃድ ፊቨር ፎር ስሪ ዴይስ ቢፎር አድሚሽን» ቢሉም የሚከሰስዎ የለም። ስለ መድኃኒትም እንዲሁ ነው፤ «ሃድ ቢን ኦን ትሪትመንት ፎር ቱ ዊክስ» ያለ ሰው መድኃኒቱ በዚያ ሰዓት እንዳልተቋረጠ ነው የሚናገረው፤ ታካሚዋ አቋርጣ ከነበረ «ኤንድ ሃድ ስቶፕድ» ብለው መጨመር አለብዎ።

በካርዶች ላይ ደጋግሜ ያየሁት ሌላ ስህተት «ሲንስ ስሪ ዴይስ» የሚለው ነው። «ከሦስት ቀን ጀምሮ» ከሚለው አማርኛችን የመጣ ነው። «ሲንስ» የምትቀበለው ነገሩ የጀመረበትን ነጥብ ነው፤ «ሲንስ ማንዴይ»። ርዝመቱን የምትቀበለው «ፎር» ናት፤ «ፎር ስሪ ዴይስ»። በአሉታ ደግሞ «ሺ ሃድ ኖት ኢትን ፎር ቱ ዴይስ» ይባላል፤ አሜሪካኖች በዚህ ቦታ «ኢን ቱ ዴይስ» ይላሉና በእነርሱ ጽሑፍ ላይ ቢያዩት አይግረምዎ።

ጥያቄ፦ ከእነዋሪ፤ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የምዘጋጅ ተማሪ ነኝ። «ሃድ አራይቭድ ቱ»፣ «ሃድ ዲስከስድ አባውት»፣ «ሃድ ማሪድ ዊዝ» ትክክል ናቸው?

መልስ፦ ሦስቱም አይደሉም። ከተማ ሲሆን «ሃድ አራይቭድ ኢን ደብረ ሲና»፣ መናኸሪያ ወይም በር ሲሆን «ሃድ አራይቭድ አት» በል። «ዲስከስ» ያለ መስተዋድድ ነው የሚሄደው፤ «ስለ» የሚለውን በውስጧ ይዛለች። ሦስተኛው ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። የሠርጉን ቀን የምትናገር ከሆነ «ሂ ሃድ ማሪድ ኸር» ነው፤ በትዳር መኖራቸውን የምትናገር ከሆነ «ሂ ሃድ ቢን ማሪድ ቱ ኸር ፎር ቴን ይርስ» ነው። አሥር ዓመት የሚቆየው ትዳሩ እንጂ ሠርጉ አይደለምና «ፎር ቴን ይርስ» የሚለውን ከመጀመሪያው ጋር አታጣምረው።

ጥያቄ፦ በአንኮበር አካባቢ የማገለግል ዲያቆን ነኝ። እንግሊዝኛ ለመልመድ በ1611 የታተመውን የእንግሊዞች መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ከአማርኛው ጋር እያስተያየሁ አነባለሁ። ማቴዎስ ምዕራፍ 8 ቁጥር 14 ላይ «ዌን ጂሰስ ዋዝ ካም ኢንቱ ፒተርስ ሃውስ» ይላል። «ሃድ ካም» መሆን አልነበረበትምን? የኅትመት ስህተት ነው?

መልስ፦ ዲያቆን፣ ስህተት አይደለም። በድሮው እንግሊዝኛ የመሄድና የመምጣት፣ የመሆንና የመለወጥ ግሶች ረዳታቸው «ሃቭ» ሳይሆን «ቢ» ነበር። ጀርመንኛና ፈረንሳይኛ ዛሬም «መጣ» የሚለውን ግስ የሚያስኬዱት በዚሁ መንገድ ነው። እንግሊዝኛ ግን ቀስ በቀስ ሁሉንም ወደ «ሃቭ» አዞራቸው። ከዚያ ልማድ ለዛሬ የቀረው «ሂ ኢዝ ጎን» የመሰለው ጥቂት አነጋገር ነው። ስለዚህ «ዋዝ ካም ኢንቱ» የሚለውን ሲያነቡ «ሃድ ካም ኢንቱ» ብለው ይረዱት፤ ሲጽፉ ግን የዛሬውን ይጻፉ። አማርኛችን በዚህ ቦታ «ገብቶ» በምትል አንዲት ግስ መቅደሙን ጨርሶ ያልፋል፤ ረዳት ግስ አያስፈልገውም።

በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ለፓስት ፐርፌክት ከዚህ የተሻለ መማሪያ አለልዎ። ዮሐንስ ምዕራፍ 11 ቁጥር 17 ስለ አልዓዛር «ሂ ፋውንድ ዛት ሂ ሃድ ሌይን ኢን ዘ ግሬቭ ፎር ዴይስ ኦልሬዲ» ይላል። እዚህ ላይ «ፎር» የተባለችው መስተዋድዷ ሳትሆን አራት ቁጥር ናት፤ በእንግሊዝኛ ፊደል አጻጻፋቸው ይለያያል። የጊዜ ርዝመት በድሮውም በዛሬውም እንግሊዝኛ ያለ መስተዋድድ ሊመጣ ይችላል። ጌታ መጥቶ ያገኘበት ሰዓት መቆሚያው ነው፤ «ኢን ዘ ግሬቭ» ቦታውን፣ አራቱ ቀናት ርዝመቱን ይናገራሉ፤ የሁለተኛው «ሂ» ባለቤትም ጌታ ሳይሆን አልዓዛር መሆኑን ልብ ይበሉ።

አሁን ወደ ቁጥር 39 ይውረዱ። ማርታ በመቃብሩ አፍ ቆማ ስለ እነዚያው አራት ቀናት ስትናገር «ሂ ሃዝ ቢን ዴድ ፎር ዴይስ» ትላለች፤ ቃሉ በድሮው አነጋገር «ሃዝ» በሚለው ፈንታ «ሃስ» በሚል ለስላሳ ድምፅ ያለቀ ነው። ወንጌላዊው ያለፈውን እየተረከ ስለሆነ «ሃድ» አለ፤ እርሷ ግን ድንጋዩ ከፊቷ ነው፤ የቆመችው በዚያች ሰዓት ላይ ነው፤ ቀደም ብላም «ባይ ዚስ ታይም» ብላ መቆሚያዋን ራሷ ጠርታለች። አራቱ ቀናት አልተለወጡም፤ የተለወጠው የተናጋሪው መቆሚያ ነው።